ፊዚክስ ለከበደው የአሥረኛ ክፍል ተማሪ፦ የሐዋሳ አስጠኚዎችና ቱቶሪያሎች ሲመዘኑ

የመጀመሪያው ሴሚስተር ካርድ በተሰጠ ሰሞን የሐዋሳ ፎቶ ኮፒ ቤቶች በር በአንድ ዓይነት ወረቀት ይሞላል። «ሂሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ ቤትዎ ድረስ መጥተን እናስጠናለን» ይላል። ፊዚክስ 41፣ ሂሳብ 44 የሚል ካርድ የያዘ ወላጅ ስልኩን ይመዘግባል። ልጁ ግን በልቡ ጨርሷል፦ ዘንድሮን እንደምንም አልፎ አሥራ አንደኛ ክፍል ሶሻል መግባት ነው።

እዚህ የምንመዝናቸው ከተማው ውስጥ በብዛት የሚገኙትን ሦስት ዓይነት አገልግሎቶች ነው፦ የቤት ለቤት አስጠኚን፣ የቡድን ቱቶሪያልንና የቴሌግራም ቻናልን። ማርክ መጨመራቸውን ብቻ አላየንም። ልጁ ናቹራል ይሂድ ወይስ ሶሻል የሚለውን ጥያቄ አጥርተው ያሳዩታል ወይ ብለን ነው የጠየቅነው። ፍርዱን አስቀድመን እንናገር። የቤት አስጠኚ የመጀመሪያውን ሰዓት ለመፈተሻ ካዋለው ከሁሉም ይበልጣል፤ ካላዋለው ከሁሉም ውድ ኪሳራ እሱ ነው። የቡድን ቱቶሪያል ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ክለሳ ደህና ነው፤ ለዚህ ውሳኔ ግን እምብዛም አይጠቅምም። ቴሌግራሙ ነጻ ነው፣ ጥያቄውም ሞልቷል፤ መልሱን ግን ሳያጣሩ መውሰድ አይገባም።

ወደ አገልግሎቶቹ ከመግባታችን በፊት ልጁ «ልተወው» የሚለው ነገር ምን እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል፤ ብዙ ቤት ውስጥ ክርክሩ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነውና። በእኛ አገር ዘጠነኛና አሥረኛ ክፍል ላይ አንድን ትምህርት ነጥሎ መተው የለም። አሥራ አንደኛ ላይ የሚተወው በጥቅል ነው፦ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ አብረው ይሄዳሉ። ፊዚክስ 41 ሆኖበት ባዮሎጂ 78 ያመጣ ልጅ ሶሻል ሲገባ ፊዚክስን ለመሸሽ ባዮሎጂውንም ይከፍላል። ከዚያ ጋር ሕክምና፣ ነርሲንግ፣ ምህንድስና፣ እንዲሁም የአዳማና የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎች በር ይዘጋል። ሂሳብ ደግሞ አይተውም። እንግሊዝኛ፣ ሂሳብና አፕቲትዩድ በሁለቱም ዘርፍ የመልቀቂያ ፈተና ላይ አሉ። የሶሻሉ የሂሳብ ወረቀት ከናቹራሉ ይለያል እንጂ ሂሳብነቱን አልተወም።

«ሶሻል ይቀላል» ለሚለው ደግሞ አንድ ቁጥር እናስታውስ። ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ መሰጠት በጀመረበት ዙር፣ ውጤቱ ጥር 2015 ዓ.ም. በተነገረው ማለት ነው፣ ከናቹራል 339,642 ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 22,936 ነበሩ። ከሶሻል 556,878 ተፈታኞች ያለፉት 6,973 ብቻ ናቸው። በመቶኛ ሲሰላ 6.8 እና 1.3 ይሆናል። እርግጥ በትምህርት ደከም ያለው ልጅ ወደ ሶሻል ስለሚጎርፍ ቁጥሩ የትምህርቱን ክብደት ብቻ አያሳይም። የሚያሳየው ዘርፍ መቀየር በራሱ እንደማያሳልፍ ነው። በአገር ደረጃ የማለፍ ምጣኔው በ2016 ዓ.ም. ወደ 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ብሏል፤ አሁንም ግን ከአሥር ተፈታኝ አንድ እንኳ አልሞላም።

አሁን የልጁን ደብተር እንክፈት። የአሥረኛ ክፍል ፊዚክስ ሁለተኛ ምዕራፍ በእኩል መጠን ስለሚጨምር ፍጥነት ነው። ጥያቄው የመነሻ ፍጥነት 5፣ የመጨረሻ ፍጥነት 20፣ ጊዜ 3 ሰከንድ ሰጥቶ ፍጥነቱ በየሰከንዱ የሚጨምረውን (አክስለሬሽኑን)፣ «ኤ»ን፣ ፈልግ ይላል። ልጁ ቀመሩን በትክክል ይጽፋል። ቁጥሩንም በትክክል ይተካል፦ 20 = 5 + 3ኤ። ቀጥሎ ያለው መስመር 20 = 8ኤ ይላል። መልስ 2.5። መምህሩ በቀይ ኤክስ ያደርግበታል፣ ትክክለኛውን 5 ከጎኑ ይጽፍለታል፣ ልጁም «ፊዚክስ አይገባኝም» ብሎ ይደመድማል። ፊዚክሱ ገብቶታል! ያልገባው 5 እና 3ኤ እንደማይደመሩ ነው፤ እሱ ደግሞ የሰባተኛ ክፍል ሂሳብ ነው። እንዲህ ያለ ስህተት ያለበት ልጅ ኬሚስትሪ ላይ ሞል ሲያሰላ፣ ሂሳብ ላይ ፖሊኖሚያል ሲያቃልል ያው ቦታ ላይ ይወድቃል። ሶሻል ቢገባ ጂኦግራፊ ላይ በ1፡50,000 መስፈርት የተሠራ ካርታ ይጠብቀዋል፦ ካርታው ላይ 4 ሳንቲ ሜትር የሆነው መሬት ላይ ስንት ነው? 200,000 ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም 2 ኪሎ ሜትር ነው። ኢኮኖሚክስ ላይ ደግሞ ዋጋ ከ40 ወደ 50 ብር ሲያድግ ተፈላጊው መጠን ከ100 ወደ 80 ቢወርድ የፍላጎት ተለጣጭነቱ ስንት ነው ይባላል። ዋጋው 25 በመቶ ጨመረ፣ መጠኑ 20 በመቶ ቀነሰ፣ መልሱ 0.8። በመቶኛ ማስላት የማይችል ልጅ ይህንንም አይሠራውም።

ሁለተኛው የተለመደ ቀዳዳ እንግሊዝኛው ነው። «መኪናው ስታርትስ ፍሮም ረስት» የሚል ጥያቄ ላይ የመነሻ ፍጥነት ዜሮ መሆኑ በቁጥር አልተጻፈም። ሐረጉን የማያውቅ ልጅ «አንድ ቁጥር ጎደለ» ብሎ ይተወዋል። ይህንንም ብዙ አስጠኚ አያየውም፤ ጥያቄውን ራሱ አንብቦ በአማርኛ ተርጉሞ ስለሚሰጠው ልጁ ቤት ውስጥ ይሠራዋል፣ ክፍል ውስጥ ብቻውን ሲሆን ግን ይወድቃል።

እንግዲህ የቤት ለቤት አስጠኚ። ሐዋሳ ላይ ይህን ሥራ የሚሠሩት በአብዛኛው የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና የሁለተኛ ደረጃ መምህራን ናቸው። የግቢ ተማሪው ዋጋው ይቀላል፣ ከልጁ ጋርም ቶሎ ይግባባል፤ ችግሩ የራሱ ሚድና ፋይናል ሲደርስ መጥፋቱ ነው፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ የልጁም ፈተና ያን ሰሞን ይሆናል። መምህሩ መጽሐፉን ገጽ በገጽ ያውቀዋል፣ ተማሪ የት እንደሚሳሳትም ያውቃል፤ ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ሲያስተምር ውሎ ማታ 12 ሰዓት ላይ የሚመጣ ሰው ጉልበቱ ምን ያህል እንደሆነ መገመት አያዳግትም። የልጁ የራሱ ክፍል መምህር ከሆነ ግን አይቅጠሩት። ማርክ የሚሰጠውም ገንዘብ የሚቀበለውም አንድ ሰው ሲሆን ካርዱ ላይ የሚመጣው ቁጥር ማንንም አይረዳም።

ትልቁ ብልሽት የቤት ሥራው ነው። አስጠኚው ይመጣል፣ ልጁ የዕለቱን የቤት ሥራ ያወጣል፣ አስጠኚው ይሠራዋል፣ ልጁ ይገለብጣል፣ «ገባህ?» «አዎ፣ ገባኝ።» ወላጅ ከሳሎን ሆኖ ድምፁን ሲሰማ ደስ ይለዋል። የወሩ መጨረሻ ላይ የቤት ሥራ ማርኩ 10 ከ10 ይሆናል፣ ፈተናው 12 ከ30 ላይ ይቀራል። ማን እንደሚጽፍ ማየት ብቻ በቂ ነው። በአንድ ሰዓት ውስጥ እስክሪብቶው ከግማሽ ሰዓት በላይ በአስጠኚው እጅ ከዋለ ገንዘቡ እየፈሰሰ ነው።

ጥሩ አስጠኚን ለመለየት ከመቅጠርዎ በፊት «የመጀመሪያውን ቀን ምን ያደርጋሉ?» ብለው ይጠይቁት። «ያሉበትን ምዕራፍ እንጀምራለን» ካለ ይሰናበት። የምንፈልገው መልስ «እፈትነዋለሁ» የሚል ነው። ፈተናውም የአሥረኛ ክፍል መሆን የለበትም። ሃያ ጥያቄ ይበቃል፣ ያለ ካልኩሌተር፣ በ50 ደቂቃ፦ አምስቱ ክፍልፋይና አሉታዊ ቁጥር፣ አምስቱ ቀላል እኩልታ፣ አምስቱ መለኪያ መቀየርና በመቶኛ፣ አምስቱ በእንግሊዝኛ የተጻፉ አጫጭር የቃል ጥያቄዎች።

የሚሠራው ከመልሱ ይልቅ የስህተቱን ዓይነት ማንበብ ነው። 2/3 + 1/4 ተብሎ 3/7 ከጻፈ፣ ላዩን ከላይ ታቹን ከታች ደምሯል፤ ትክክሉ 11/12 ነው። 3(ኤክስ − 2) = 2ኤክስ + 5 ላይ 11 መምጣት ሲገባው 7 ካመጣ፣ 3ቱን ከ2ቱ ጋር ማባዛት ረስቷል። 72 ኪሎ ሜትር በሰዓት ስንት ሜትር በሰከንድ ነው ሲባል 20 ከማለት ይልቅ 259.2 ካለ፣ ማካፈል ሲገባው በ3.6 አባዝቷል፤ የትኛው መለኪያ እንደሚበልጥ አልታየውም። የውሃ ሞላር ክብደት 18 ግራም ሆኖ 9 ግራም ስንት ሞል ነው ሲባል 2 ካለ ደግሞ የማካፈሉን አቅጣጫ ገልብጦታል፤ መልሱ 0.5 ነው። እነዚህን አራት ስህተቶች ለይቶ የሚጽፍልዎ አስጠኚ ካገኙ አይልቀቁት።

ከሃያው 15 እና በላይ ያመጣ ልጅ መሠረቱ ደህና ነው፤ ችግሩ የጥናት ሰዓት ወይም የክፍሉ አስተማሪ ሊሆን ይችላል፣ የአሥረኛውን ምዕራፍ ማስጠናት ያዋጣል። ከ8 እስከ 14 ያመጣ የሚሞላ ቀዳዳ አለው። ከ8 በታች ከሆነ ደግሞ አሥረኛ ክፍል መጽሐፍ ለጊዜው ይዘጋና የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል የሂሳብ መጽሐፍ ይከፈታል። ይህን ሲሰሙ የሚያኮርፉ ልጆች አሉ። እናቶችም አሉ።

ሙከራው አራት ሳምንት ይሁን፣ በሳምንት ሦስት ቀን፣ አንድ አንድ ሰዓት፣ በጠቅላላው 12 ሰዓት። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሰዓታት ክፍልፋይ፣ እኩልታና መለኪያ ብቻ ይሠራል። ቀሪው ስድስት ሰዓት አንድ የፊዚክስ ምዕራፍ ላይ ይዋል፤ የእኛ ምርጫ ያው ሁለተኛው ምዕራፍ ነው፣ እኩልታ ማቃለል የሚፈልገው እሱ ነውና። መጨረሻ ላይ በተመሳሳይ ደረጃ የተዘጋጀ ሌላ ሃያ ጥያቄና ከምዕራፉ አሥር ጥያቄ ይሰጠው። ሂሳቡም ፊዚክሱም ከጨመረ ልጁን ያደከመው ፊዚክስ አልነበረም፤ ናቹራል መቀጠሉ ያስኬዳል። ሂሳቡ ጨምሮ ፊዚክሱ ንቅንቅ ካላለ፣ የታሪክና የጂኦግራፊ ውጤቱም ጥሩ ከሆነ፣ ሶሻል መግባቱ ሽሽት አይባልም፤ ምርጫ ነው። ሁለቱም ካልተንቀሳቀሱ ጥያቄው የዘርፍ ጥያቄ አይደለም። ዓይኑ ሰሌዳ ያያል? ማታ ስንት ሰዓት ይተኛል? ከመጀመሪያው ረድፍ ሲቀመጥ ውጤቱ ይለያያል? እነዚህን ሳያጣሩ ሌላ አስጠኚ መቀየር ትርፉ ድካም ነው።

ስለ ቡድን ቱቶሪያሉ ብዙ የምንለው የለም። አብዛኛው አንድ ክፍል ተከራይቶ፣ ነጭ ሰሌዳ ሰቅሎ፣ ከተለያየ ትምህርት ቤት የመጡ ልጆችን በአንድ ላይ ያስተምራል። ሂሳቡን እንሥራ፦ 30 ተማሪ፣ 90 ደቂቃ። አስተማሪው አንድም ቃል ሌክቸር ሳይሰጥ ለእያንዳንዱ ተማሪ ቢዞር እንኳ ለአንዱ 3 ደቂቃ ነው የሚደርሰው። በ3 ደቂቃ 20 = 8ኤ የሚለውን መስመር የሚያይ የለም። በዚያ ላይ አንዱ ትምህርት ቤት ቬክተር ላይ ሳለ ሌላው ኤሌክትሪክ ገብቷል፤ ማዕከሉ መሃል ይመርጥና ለሁለቱም አይሆንም። የሚሰጠው ሾርት ኖት ንጹሕ ነው፣ አንዳንዱ ከመጽሐፉ ይሻላል፤ ግን ኖት መያዝና ጥያቄ መሥራት ይለያያሉ።

ሁለት ነገር ላይ ግን ቡድኑ ቤት ለቤቱን ያስከነዳዋል። አንደኛ፣ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ሰዓት ተይዞለት የሚሰጥ ሞዴል ፈተና። ብቻውን ቤት ተቀምጦ ሁለት ሰዓት ሳይነሳ የሚፈተን ልጅ ጥቂት ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የመልቀቂያ ፈተናው በከፊል በኮምፒውተር መሰጠት ስለጀመረ ስክሪን ላይ የሚያለማምድ ማዕከል ካለ ተጨማሪ ነጥብ እንሰጠዋለን። ሁለተኛ፣ የክረምቱ ፕሮግራም። ሐምሌና ነሐሴ ልጁ ከትምህርት ቤት ምዕራፍ ጋር አይሯሯጥም፤ ማዕከሉ «የስምንተኛና የዘጠነኛ ክፍል ሂሳብ ክለሳ» የሚል ክፍል ከፍቶ ከ15 በላይ ካልመዘገበ ለአሥራ አንደኛ ክፍል መዘጋጃ ጥሩ ነው። ርቀቱን ግን ያስቡበት። መናኸሪያ አካባቢ ያለ ማዕከል ለአላሙራ ልጅ ማታ ማታ ሁለት ባጃጅ ሊሆን ይችላል፤ በዝናብ ጊዜ ባጃጁ ዋጋ ይጨምራል ወይም አይገኝም፣ ልጁም በሦስተኛው ሳምንት መቅረት ይጀምራል። ቀርቦ መካከለኛ የሆነው ርቆ ጎበዝ ከተባለው ይሻላል።

ትምህርት ቤቱ ራሱ የሚሰጠው የማጠናከሪያ ክፍለ ጊዜ ካለ ከሁሉም በፊት እሱን ይሞክሩ። ክፍያ የለውም ወይም ትንሽ ነው፣ ምዕራፉም ከክፍሉ ጋር እኩል ይሄዳል።

የቴሌግራም ቻናሎቹ ጥቅማቸው ጥያቄ ነው። የድሮ የመልቀቂያ ፈተናዎች፣ የመማሪያ መጻሕፍት ፒዲኤፍ፣ የየትምህርት ቤቱ ሚድ ሳይቀር ይገኛል። ሁለት ወጥመድ አለው። አንዱ መልሱ ነው፦ አንድ ሰው የሠራውን መልስ ሌላው ገልብጦ ይለጥፋል፣ የፊደል ምርጫው ይዛነፋል፣ ማንም አያርመውም። ልጁ ትክክል ሠርቶ «ሲ» ብሎ ቻናሉ «ቢ» ካለው ራሱን ይጠራጠራል። ሁለተኛው ሥርዓተ ትምህርቱ ነው፤ አዲሱ መጽሐፍ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት የወጡ ጥያቄዎች ክፍልና ምዕራፋቸው ተቀያይሯል። የዛሬ አሥረኛ ክፍል ኬሚስትሪ የሚጀምረው በኬሚካል ሪአክሽንና ስቶይኪዮሜትሪ ነው። ስለዚህ ጥያቄውን ከመሥራት በፊት የያዙት መጽሐፍ ማውጫ ላይ ርዕሱ መኖሩን ማየት ያስፈልጋል። አጠቃቀሙ ቀላል ነው፦ በቀን አሥር ጥያቄ፣ ስልኩ ተዘግቶ ወረቀት ላይ፣ መልሱን ከቻናሉ ሳይሆን ከአስጠኚው ጋር ማረም። ስልኩ በእጁ ያለ ልጅ ግማሹን ሰዓት ቲክቶክ ላይ እንደሚያሳልፍ ለወላጅ መንገር አያስፈልግም።

አንድ ነገር እንጨምር። የአሥረኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ከቀረ ወዲህ ልጁ የት እንዳለ የሚነግረው የትምህርት ቤቱ ካርድ ብቻ ነው፤ ካርዱ ደግሞ የቤት ሥራን፣ የቡድን ሥራንና ደብተርን ደምሮ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ለአስጠኚ ከመክፈልዎ በፊት ከካርዱ ይልቅ የፈተና ወረቀቶቹን ይጠይቁ፤ ሚድና ፋይናል ብቻ። ካርዱ ላይ 58 የሆነ ፊዚክስ ወረቀቱ ላይ 19 ከ50 ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ ካርዱ ላይ 44 የሆነው ደግሞ ያልተሰበሰበ የቡድን ሥራ ሊሆን ይችላል።

ስለ ክፍያ፦ የወሩን በአንዴ አይስጡ፣ በሁለት ሳምንት ይክፈሉት። አስጠኚው ያልመጣባቸው ቀናት እንዴት እንደሚካካሱ ከመጀመሪያው ይነጋገሩ፣ ከማዕከል ከሆነ ደረሰኝ ይያዙ። «በአንድ ወር ከ40 ወደ 80» የሚል ማስታወቂያ ያለው ጋ ባይሄዱ ይመረጣል። ዋጋ ሲያወዳድሩ በወር ሳይሆን ልጁ እስክሪብቶ በያዘበት ሰዓት ያካፍሉት፤ ያኔ ርካሽ የተባለው ቡድን ውድ ሆኖ ይገኛል።

የዘርፍ መምረጫ ቅጹ ሲመጣ ርዕሰ መምህሩን ወይም ሬጅስትራሩን «ቅጹ ከተሞላ በኋላ እስከ መቼ መቀየር ይቻላል?» ብለው ይጠይቁ። ከናቹራል ወደ ሶሻል መውረድ ብዙ ትምህርት ቤት ውስጥ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያስኬዳል፤ ከሶሻል ወደ ናቹራል መመለስ ግን በሁለት ወር ያመለጡ ሦስት ትምህርቶችን ማካካስ ስለሆነ ትምህርት ቤቱም ልጁም ይቸገራሉ። አራቱ ሳምንት ሙከራ ያላለቀበት ልጅ ቅጹ ላይ ናቹራል ብሎ ቢሞላ ይሻለዋል።